ነጥቡ እዚህ፣ ሣጥኑ እዚያ፦ ስለ ጂኦካሺንግ ካርታ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጂኦካሺንግን ለማያውቁት በአጭሩ፦ አንዱ ውኃ በማያስገባ ዕቃ ውስጥ የፊርማ መዝገብ አድርጎ ይደብቅና የቦታውን የጂፒኤስ ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ ሌላው በቁጥሩ ተመርቶ ይፈልጋል። የተደበቀው ዕቃ ካሽ ይባላል። ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ኦሪገን ውስጥ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት በሲቪል ጂፒኤስ ላይ ሆን ብሎ ይጨምረው የነበረውን ስሕተት ባነሣ ማግስት። በዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች ክለቦችና ግለሰቦች ራሳቸው የሚሠሯቸውን የኢንተርኔት ካርታዎች ይመለከታሉ።

ጥያቄ፦ በሊፍሌት (የኢንተርኔት ካርታ መሥሪያ የኮድ ስብስብ) የሠራነው የክለባችን ካርታ 900 ያህል ካሾች አሉት። ስልክ ላይ ይንቀረፈፋል፤ ምልክቶቹም ተደራርበው አንዱን ስንፈልግ ሌላውን እንነካለን። ማርከር ክላስተር (የተቀራረቡ ምልክቶችን ወደ አንድ የሚሰበስብ ተጨማሪ ኮድ) ስንጨምርበት ደግሞ አባላቱ «ካሾቹን ደበቃችሁብን» አሉ። ምን ይሻላል? (ከሲያትል)

መልስ፦ አባላቱ እውነት አላቸው፤ ማስተካከል ያለባችሁ ግን የማሰባሰቢያውን ርቀት ነው እንጂ ክላስተሩን ማንሣት የለባችሁም። ማርከር ክላስተር እንዳለ ከተተወ በየትኛውም ዙም (የማጉያ ደረጃ) 80 ፒክስል ክልል ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ወደ አንድ ቁጥር ይጠቀልላል።

አሁን ሒሳቡን እንየው። በጨዋታው ደንብ ዕቃ የተቀመጠባቸው ሁለት ቦታዎች ቢያንስ 161 ሜትር (528 ጫማ) መራራቅ አለባቸው። በሲያትል ኬክሮስ ዙም 16 ላይ አንድ ፒክስል 1.61 ሜትር ስለሆነ፣ እጅግ የተቀራረቡት ጎረቤቶች እንኳ ስክሪኑ ላይ 100 ፒክስል ይራራቃሉ። ዙም 15 ላይ 50፣ ዙም 14 ላይ 25 ፒክስል ይሆናል። ነባሩ የሊፍሌት ፒን ወርዱ 25 ፒክስል ነው። ስለዚህ ከዙም 15 ጀምሮ ፒኖቹ ጎን ለጎን ተመችቷቸው ይቆማሉ፤ 80 ፒክስሉ ግን እነዚያንም ይጠቀልላቸዋል። «ደበቃችሁብን» ያሰኘው ይኸው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ከዙም 15 በኋላ ክላስተሩን ጨርሶ ያጠፋዋል። እኛ አንመክርም። እንቆቅልሽ ያላቸው ሚስጥር ካሾች ካርታው ላይ የሚታዩት በትክክለኛ ቦታቸው አይደለም፤ እውነተኛው ቦታ ከሚታየው ነጥብ እስከ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊርቅ ይችላል። የ161 ሜትሩ ደንብም ለዚያ የይስሙላ ነጥብ አይሠራም፤ ደባቂው ከፈለገ አምስቱን በአንድ ነጥብ ላይ ይደራርባቸዋል። ክላስተሩ ከጠፋ ከላይ ያለውን እንጂ ከሥር ያሉትን አራቱን የሚነካ የለም። የተሻለው መንገድ ይህ ነው፦ የርቀቱ ማስተካከያ ከአንድ ቁጥር ሌላ ዙሙን ተቀብሎ ቁጥር የሚመልስ ፈንክሽንም ይቀበላል። እስከ ዙም 14 ድረስ 50፣ ከዚያ በላይ 20 እንዲመልስ አድርጉት። በትክክል የተደራረቡት የመጨረሻው ዙም ላይ ሲነኩ እንደ ሸረሪት እግር ይዘረጋሉ።

ወደ ፍጥነቱ ስንመጣ፣ 900 ፒን ለሊፍሌት ብዙ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የሚያንቀረፍፈው ገጹ ሲከፈት የሁሉም ካሽ ሙሉ መግለጫና የፈላጊዎች ማስታወሻ አብሮ መውረዱ፣ ለእያንዳንዱም ብቅ ባይ መስኮት አስቀድሞ መዘጋጀቱ ነው። በመጀመሪያ መለያ ቁጥሩ፣ ስሙ፣ ዓይነቱ፣ የአስቸጋሪነት ደረጃውና ቦታው ብቻ ይምጣ፤ የቀረው ፒኑ ሲነካ ይጫን። የክላስተሩን በየክፍሉ የመጫን አማራጭም አብሩት፤ ያለዚያ ስክሪኑ ለአፍታ ድርቅ ይላል። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ፦ መረጃው ከጂኦካሺንግ ዶት ኮም በአንድ ጊዜ እስከ 1000 ካሽ በፋይል ከሚሰጠው ፖኬት ኩዌሪ የወጣ ከሆነ የተፈቀደው ለግል መጠቀሚያ ነው። በአደባባይ ካርታ ላይ የራሳችሁን ካሾች አውጡ፤ የሌላውን በሊንክ ጠቁሙ።

ጥያቄ፦ የራሴን ፒን ሥዬ ሊፍሌት ውስጥ አስገባሁ። አጉልቼ ሳየው ድልድዩ ሥር ነው፤ ዙሙን ስቀንሰው ግን ወደ ደቡብ እየተንሸራተተ ወንዙን ይሻገራል። ቁጥሩን ደጋግሜ አየሁት፣ ልክ ነው። (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ሊፍሌት የሥዕሉ መጠን ተነግሮት የትኛው ፒክስል መሬቱን እንደሚነካ ካልተነገረው፣ የሥዕሉን መሃል ነጥቡ ላይ ያውላል። ፒንዎ እንደ ነባሩ 25 በ41 ፒክስል ከሆነ ጫፉ 20 ፒክስል ዝቅ ብሎ ያርፋል። ይህ በእናንተ አካባቢ ዙም 16 ላይ 37 ሜትር፣ ዙም 12 ላይ 600 ሜትር ገደማ ነው። መሬቱን የሚነካውን ፒክስል የሚወስነውን «አይከን አንከር» የሚለውን 12፣ 41 ያድርጉት። «ፖፕአፕ አንከር» ደግሞ 1፣ -34 ይሁን፤ መስኮቱ ፒኑን አይሸፍንም። ምልክቱ ክብ ከሆነ መሃሉ ትክክል ስለሆነ ምንም አይንኩ።

ጥያቄ፦ አባላት አዲስ ካሽ የሚመዘግቡበት ቅጽ አለን። ከሚገቡት ነጥቦች ብዙዎቹ ሌላ ቦታ ይወድቃሉ፤ አንዳንዶቹ በመቶ ሜትሮች፣ አንዳንዶቹ በኪሎ ሜትሮች። (ከስቶክሆልም)

መልስ፦ የስሕተቱ ርቀት ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ጂኦካሸሮች የሚጽፉት በዲግሪና በአሥርዮሽ ደቂቃ ነው፤ ለምሳሌ ሰሜን 59° 20.500። ቅጹ ይህን 59.20500 ዲግሪ ብሎ ካነበበው ነጥቡ 15 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ ይሄዳል። 20 ደቂቃ ከ50 ሴኮንድ ብሎ ካነበበው 620 ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን። በስዊድን ሌላም ጣጣ አለ፦ ሰው በልማዱ 20,500 ብሎ በኮማ ይጽፋል፤ ኮዱ ኮማውን የሁለት ቁጥሮች መለያ አድርጎ ይቆርጠዋል።

ስድስት ትንንሽ ሣጥን ያለውን ቅጽ ተዉት። ሙሉውን ጽሑፍ እንዳለ የሚለጥፉበት አንድ ሰፊ ሣጥን አድርጉ፤ ነጥብንም ኮማንም ይቀበል፣ ደቂቃው 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ይመልስ። ከሁሉም የሚጠቅመው፣ «መዝግብ» ከመባሉ በፊት የተነበበውን ቁጥር በዲግሪም በደቂቃም ጽፎ ቦታውን በትንሽ ካርታ ላይ ማሳየቱ ነው። ደባቂው ሰፈሩን ያውቃል፤ 15 ኪሎ ሜትር የሸሸ ነጥብ አያመልጠውም። ከደቂቃው አሥርዮሽ ሦስቱንም አኃዝ ያዙ። ሦስተኛው 1.85 ሜትር ማለት ነው፤ ወደ ሁለት አኃዝ ከተቀነሰ እርምጃው 18.5 ሜትር ይሆናል። የስልክ ጂፒኤስ ሰማይ በተከፈተበት ቦታ 5 ሜትር ገደማ ስለሚሳሳት፣ ከሦስት አኃዝ በላይ መጨመርም ትርፍ የለውም።

ጥያቄ፦ እንጦጦ ላይ አንድ ቦታ ከቆየ 1:50,000 ካርታ ለክቼ የኢንተርኔት ካርታዬ ላይ ሳስገባው በጣም ፈቀቅ ይላል። በጂኦጄሰን (የካርታ መረጃ መያዣ) ፋይል ያስገባሁት ሌላ ነጥብ ደግሞ ባሕር ውስጥ ገባ! (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ የመጀመሪያው የዳተም (የኬክሮስና የኬንትሮስ መለኪያ መነሻ) ልዩነት ነው። የቆዩት የኢትዮጵያ የመልክዓ ምድር ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው፤ ጂፒኤስና የኢንተርኔት ካርታዎች የሚጠቀሙት ደብሊውጂኤስ 84ን ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት መሬት ላይ ከመቶ ሜትር ይበልጣል። የወረቀቱን ኅዳግ ያንብቡ፤ ዳተሙ እዚያ ተጽፏል። ኪውጂአይኤስ በተባለው የካርታ ፕሮግራም ውስጥ የመነሻውን ኮድ 20137 (አዲንዳን፣ ዩቲኤም ዞን 37)፣ የመድረሻውን 4326 (ደብሊውጂኤስ 84) አድርገው ይለውጡት። ፕሮግራሙ ከአንድ በላይ የመለወጫ ስሌት ሲያቀርብልዎ ለኢትዮጵያ የተመደበውን ይምረጡ። ዞን 37 ከ36 እስከ 42 ዲግሪ ምሥራቅ ያለውን ይይዛል፤ ጋምቤላ ቢሆን ኖሮ ኮዱ 20136 ይሆን ነበር። ካሹን ለመመዝገብ ግን ቦታው ድረስ ሄዶ በጂፒኤስ መለካት የግድ ነው፤ ወረቀቱ ቦታ ለመምረጥ ብቻ ይጠቅማል።

ባሕሩ የሰርዲኒያ ደቡብ ነበር? ጂኦጄሰን ኬንትሮስን ያስቀድማል፤ ሊፍሌት ኬክሮስን። የአዲስ አበባ 9.03፣ 38.76 ሲገለበጥ ከዚያ ደሴት ጫፍ በስተደቡብ ሜዲትራኒያን ውስጥ ያርፋል።

ጥያቄ፦ ካርታው ላይ የእኔን ቦታ የምታሳየው ሰማያዊ ነጥብ አንዳንዴ በድንገት ቤይሩት አየር ማረፊያ ላይ ትገኛለች። ካርታውን ማስተካከል ይቻላል? (ከሃይፋ)

መልስ፦ ስልክዎም ካርታውም ደኅና ናቸው። በአካባቢው የሐሰት የጂፒኤስ ምልክት ሲሠራጭ ስልኩ የተነገረውን ያሳያል። በነጥቧ ዙሪያ ያለው የትክክለኛነት ክብ ጠባብ ሆኖ ሊታይ ስለሚችል እሱን ማመን አይቻልም። ካርታውን የሚሠራው ሰው ግን በሴኮንዶች ውስጥ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ የዘለለ ነጥብን እንዲጥል፣ ካርታውም ወደዚያ እንዳይሄድ ማድረግ ይችላል። «እኔ ያለሁት እዚህ ነው» ብሎ በጣት መንካት የሚያስችል አማራጭም ይጨመር፤ ከዚያ በኋላ ፍለጋው በመንገዱና በሕንፃው እየታየ ነው።

ጥያቄ፦ ከሊፍሌት ወደ ማፕሊብሬ (ሌላ የካርታ መሥሪያ) ስቀይር የኢትዮጵያ ከተሞች ስም በአማርኛ መሆኑ ቀርቶ ጭራሽ ጠፋ። (ከፍራንክፈርት)

መልስ፦ በቬክተር ካርታ (ብራውዘሩ ራሱ በሚሥለው ካርታ) ፊደሉ ከራሱ የፊደል ፋይል ነው የሚመጣው፤ ፋይሎቹም በዩኒኮድ (የፊደላት መለያ) ቁጥር በየ256ቱ ተከፋፍለው ይቀመጣሉ። ለአማርኛ የሚያስፈልገው የግዕዝ ፊደል ያለው ከ4608 እስከ 4863 እና ከ4864 እስከ 5119 ባሉት ሁለቱ ውስጥ ነው። ሰርቨርዎ ላይ እነዚህ ከሌሉ ስሙ ሳይጻፍ ሊቀር ይችላል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ከተባለው የፊደል ቅርጽ ያዘጋጇቸውና ይጨምሩ። ስታይሉ (የካርታው የአሣሣል መመሪያ ፋይል) ላይ መጀመሪያ የአማርኛውን ስም፣ እሱ ከሌለ ዋናውን እንዲወስድ ያድርጉ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ሲታይ የሚያምር ካርታ ጫካ ውስጥ ለምን ያናድዳል? (ከዴንቨር)

መልስ፦ የተሠራው ወንበር ላይ ተቀምጦ በመዳፊት ለሚያይ ሰው ስለሆነ ነው። ጫካ ውስጥ ያለው ሰው ፀሐይ ስክሪኑ ላይ እያንጸባረቀችበት፣ በአንድ እጁ ዱላ ይዞ፣ በአውራ ጣቱ ነው የሚነካው። አዝራሮቹን ወደ ታች አውርዷቸው፤ የሚነካው ስፋት ቢያንስ 44 በ44 ፒክስል ይሁን፣ ሥዕሉ ራሱ ትንሽ ቢሆንም እንኳ። ጥቁር ገጽታ ፀሐይ ላይ አይታይም። አረንጓዴውንና ብርቱካኑን የማይለይ ዓይን ስላለ የካሽ ዓይነት በቀለም ብቻ ሳይሆን በቅርጽም ይለይ። የቦታ ፈቃድ ገጹ እንደተከፈተ አይጠየቅ፤ ሰው ሳያስበው «አይ» ይልና በኋላ መመለሻው ይጠፋዋል። አዝራሩ ሲነካ ይጠየቅ። ገጹ በኤችቲቲፒኤስ ካልተከፈተ ደግሞ ብራውዘሩ ቦታውን ከነጭራሹ አይሰጥም።

«ምራኝ» የሚለው አዝራርም ብዙ ሰው ያሳስታል። የመኪና መምሪያው ካሹ ካለበት ነጥብ በጣም ወደሚቀርበው መንገድ ይወስድዎታል፤ ያ መንገድ ከወንዙ ማዶ ወይም ከገደሉ ሥር ሊሆን ይችላል። ደባቂው የመኪና ማቆሚያ ነጥብ ከመዘገበ አዝራሩ ወደዚያ ይምራ፤ ከዚያ ወደ ካሹ የሚወስደው በሜትርና በቀስት ብቻ ይታይ።