የማኅበራችሁን መሪ አለቃችሁ እንዲያወርድላችሁ አትጠይቁ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመንግሥት መሥሪያ ቤታችሁ ያለው የሠራተኛ ማኅበር ሊቀመንበር ከኃላፊዎቹ ጋር ተለጥፏል። ጠቅላላ ጉባኤ ከጠራ ዓመት አልፎታል። የመዋጮው ገንዘብ የት እንደደረሰ አይታወቅም። ስለዚህ ፊርማ አሰባስባችሁ፣ የመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ሊቀመንበሩን እንዲያነሳላችሁ ደብዳቤ ልታስገቡ ነው። ትክክል ነን ወይ ብለሃል።

እባካችሁ ደብዳቤውን አታስገቡት። ይህን የምለው ለሊቀመንበሩ አዝኜ አይደለም። እኛ ያንኑ ደብዳቤ አስገብተን ያየነውን ስላየሁ ነው።

ያን ጊዜ የማኅበራችን የቁጥጥር ኮሚቴ አባል ነበርኩ። ሊቀመንበራችን ሲጀምር እውነተኛ ታጋይ ነበር። ያለ አግባብ የተዛወሩ ሠራተኞችን ጉዳይ ይዞ ወራት ሙሉ ተመላልሶ አስመልሷቸዋል። በኋላ ከመደበኛ ሥራው ወጥቶ ሙሉ ጊዜውን ለማኅበሩ እንዲሰጥ ተፈቀደለት። ደመወዙን መሥሪያ ቤቱ ይከፍላል። ቢሮ ተሰጠው፤ ቢሮው ግን ኃላፊዎቹ ያሉበት ፎቅ ላይ ነው። ከዚያ ሥልጠናው፣ አበሉ፣ የመስክ ጉዞው ተከተለ። ጉቦ የሰጠው ሰው አለ ብዬ አላምንም። ኃላፊዎቹን በየቀኑ ያገኛቸዋል፣ እኛን በሦስት ወር አንዴ። ሰው ደግሞ አብሮት የሚውለውን ይመስላል።

መለወጡ የገባኝ በአንድ ስብሰባ ላይ ነው። ስለ ፈረቃ ለውጥ ሲያስረዳ «እኛ በጀቱን አይተነዋል፣ እናንተ ግን መታገስ አለባችሁ» አለ። «እኛ» ያለው ማኔጅመንቱን ጨምሮ ነው። ለራሱ አልታወቀውም። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣ አለ።

ተናደድን። ስልሳ የምንሆን ሰዎች ፈርመን ደብዳቤውን ለበላይ ኃላፊው አስገባን። ሌላ ጊዜ ለአንድ ማመልከቻ ወር የሚያስጠብቀን ቢሮ በሳምንት ውስጥ መለሰልን። ሊቀመንበሩ ወደ ቀድሞ ሥራው ተመለሰ። ከደመወዝ የሚቆረጠው መዋጮ «እስከሚጣራ» ተብሎ ቆመ። «አመቻች ኮሚቴ» የሚባል ነገር ተሰየመ፤ አባላቱን የመረጠው የሰው ኃይል ክፍሉ ነው። ምርጫ ይደረጋል የተባለው አሥራ አራት ወር ፈጀ። በመሃል ያ የፈረቃ ለውጥ ጸደቀ። ተቃውሞ የሚጽፍ፣ በስማችን የሚፈርም ሰው አልነበረንም። ልናመለክት ስንሄድ ኃላፊው «እናንተው ናችሁ እኮ የጠየቃችሁኝ» አለን። መልስ አልነበረንም። እውነቱን ነው።

ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1948 ያወጣው ስምምነት ቁጥር 87 ሠራተኞች ወኪሎቻቸውን በሙሉ ነፃነት ይምረጡ፣ የመንግሥት አካላትም እጃቸውን አያስገቡ ይላል። ማኅበርን በአስተዳደር ውሳኔ ማገድም ሆነ ማፍረስ አይቻልም ይላል። እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቁጥር 151 ደግሞ ለመንግሥት ሠራተኞች ተብሎ የተጻፈ ነው። ማኅበራቸው ከመንግሥት ባለሥልጣናት ሙሉ በሙሉ ነፃ እንዲሆን ያዝዛል። በቁጥጥር ሥር ለማዋል በገንዘብም ሆነ በሌላ መንገድ መደገፍን በስም ጠርቶ ይከለክላል። አገሩ ስምምነቱን ማጽደቅ አለማጽደቁን ማየት ያስፈልጋል፤ ሐሳቡ ግን ለማንም ይሠራል። በመንግሥት ቤት አሠሪው ደመወዝ ከፋይ ብቻ አይደለም፣ ደንቡንም የሚያወጣው እሱ ነው። ማኅበሩን እንዲያጸዳልን አንዴ ከጋበዝነው የሚቀጥለውን ሊቀመንበር የሚመርጥልን እሱ ነው። የሚመርጠውም ለእኛ የሚመቸውን አይደለም።

ታዲያ ዝም እንበል? በፍጹም። ተጠያቂነቱ ወደ ታች፣ ወደ አባላቱ ይሁን ነው የምለው።

እኛ ከወደቅን በኋላ ነው መተዳደሪያ ደንባችንን ያነበብነው። ይህን ስናገር አሁንም ይቆጨኛል። ከአባላቱ አንድ ሦስተኛው ከፈረመ ሥራ አስፈፃሚው አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ የመጥራት ግዴታ እንዳለበት፣ ካልጠራም የቁጥጥር ኮሚቴው ራሱ እንደሚጠራ በግልጽ ተጽፏል። ያ ኮሚቴ እኮ እኔ ያለሁበት ነው! የእናንተ ደንብ ሌላ ቁጥር ሊኖረው ይችላል። ቅጂውን ፈልጉና አንቀጹን አግኙት። ምልዓተ ጉባኤው፣ ማለትም ስብሰባው እንዲጸና መገኘት ያለበት ሰው፣ ስንት እንደሆነም አብራችሁ እዩ። ብዙ አቤቱታ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው፤ ሰው ይፈርማል፣ በስብሰባው ቀን ግን አይመጣም።

ከጉባኤው በፊት ሒሳቡን ያዙ። ማንንም ሌባ ብላችሁ አትነሱ። ከፋይናንስ ክፍሉ በየወሩ መዋጮ የተቆረጠባቸውን ሰዎች ዝርዝር ጠይቁ። ድምሩን ባንክ ከገባው ጋር አስተያዩ። ከዚያ የወጪ ደረሰኞቹን ከባንክ ስቴትመንቱ ጋር አንድ በአንድ አመሳክሩ። እኛ ስናደርገው የተሰረቀ ትልቅ ገንዘብ አላገኘንም። ያገኘነው ሌላ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ጠርቶ አበል ለከፈለባቸው ስብሰባዎች ከማኅበሩ ካዝናም ሁለተኛ አበል ተከፍሏል። በወሬ ሲናፈስ የነበረው ግን ቤት ሠራበት የሚል ነበር። ያንን ይዘን ጉባኤ ብንገባ ኖሮ አንዱንም ማስረዳት አንችልም ነበር። የአበሉን ጉዳይ ግን ወረቀት ይዘን ስላቀረብን የተቀበሉት ሰዎች ራሳቸው መለሱ።

ስለ መዋጮ አንድ ነገር ልጨምር። ከደመወዝ በቀጥታ መቆረጡ ምቹ ነው። ግን ቧንቧውን የሚዘጋው እጅ የአሠሪው ነው። እኛ አሁን የጥቂት ወራት ወጪ የሚሸፍን ተቀማጭ በማኅበሩ ስም አለን፤ ለመፈረም የሁለት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል። መቆረጡ ቢቆም በእጅ የሚሰበስብ ተጠሪም በየክፍሉ አለ።

ድርድር ላይ ያለው ሕጋችን አጭር ነው። ማንም ብቻውን ከኃላፊ ጋር አይደራደርም። ሁለት ሰው ይገባል፣ ቃለ ጉባኤ ይያዛል፣ በአምስት ቀን ውስጥ ለአባላት በጽሑፍ ይነገራል። ስምምነት ከመፈረሙ በፊት አባላት ድምፅ ይሰጣሉ። ሊቀመንበሩ በድርድር ውስጥ ያለውን ሁሉ በየሰዓቱ ይንገረን ማለት ግን አይደለም። እስከዚህ ድረስ መቀበል ትችላለህ ብለን ከላክነው በዚያ ክልል ውስጥ እናምነዋለን። ግማሽ መንገድ ሄዶ በተስማማ ቁጥር ከሃዲ የሚባል መሪ ደፍሮ አይደራደርም።

ብዙ ሰው የማያየው፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ ነው የምለው ነገር አለ። ሊቀመንበራችን ከተነሳ ከሁለት ዓመት በኋላ ቁጭ ብለን አወራን። ዘጠኝ ዓመት ከሥራው ርቆ ነበር። ደረጃ እድገት አልፎታል፣ አዲሱን አሠራር አያውቀውም። «ወደዚያ ጠረጴዛ መመለስን እፈራ ነበር» አለኝ። ማኔጅመንቱ የያዘው በዚያ ፍርሃት ነው። ስለዚህ ደንባችንን ስናሻሽል የሥራ ዘመኑን በሁለት ምርጫ ገደብነው። በሌላ በኩል መሪው ሲወርድ ደረጃው ሳይቀንስ፣ አስፈላጊው ሥልጠና ተሰጥቶት ወደ ሥራው እንዲመለስ በስምምነታችን ውስጥ አስገባን። የኃላፊነት ሹመት የተቀበለ ደግሞ በዚያው ቀን ከማኅበሩ አመራር ይለቃል። የፓርቲ ሥልጣን የያዘም እንዲሁ። እድገት አይከለከልም፣ ሁለት ወንበር ግን አይቻልም።

ምርጫን በተመለከተ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1959 የወጣው ሕግ የአካባቢ የሠራተኛ ማኅበራት ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ በምስጢር ድምፅ፣ አገር አቀፎቹ ቢያንስ በየአምስት ዓመቱ በምስጢር ድምፅ ወይም በምስጢር ድምፅ በተመረጡ ወኪሎች ጉባኤ እንዲመርጡ ያስገድዳል። ግን የክልልና የከተማ አስተዳደር ሠራተኞችን ብቻ የያዙ ማኅበራትን አይነካም። በሌላም አገር ቢሆን የመንግሥት ሠራተኛ ብዙ ጊዜ የሚተማመነው በራሱ መተዳደሪያ ደንብ ነው። የምርጫ ቀናችሁ በደንብ ውስጥ በቁርጥ ካልተጻፈ አስጽፉት።

አሁን ለእናንተ፦ የሰበሰባችሁት ፊርማ አለ። ሰዎቹ የፈረሙት ግን ለሌላ ደብዳቤ ነው፤ ስለዚህ እያንዳንዳቸውን መልሳችሁ አስረዱና እንደገና አስፈርሙ። «ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ» የሚለውን አውጡት። «ለማኅበሩ ሥራ አስፈፃሚ፤ አስቸኳይ ጠቅላላ ጉባኤ እንዲጠራ ስለመጠየቅ» ብላችሁ ጀምሩ። አንቀጹን ጥቀሱ። ለቁጥጥር ኮሚቴው ግልባጭ ስጡ። ተቀባዩ በቀን እንዲፈርምላችሁ አድርጉ፣ ቅጂውንም ከአንድ ሰው በላይ ይያዘው።