የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ እንፋሎቱ ነበረ፣ ክብ ሲሊንደር ግን አልነበረም

ጥያቄ፦ ጄምስ ዋት የማንቆርቆሪያ ክዳን በእንፋሎት ሲነሳ አይቶ የእንፋሎት ሞተርን ፈለሰፈ ይባላል። ለተማሪዎቼ እንዲህ ብዬ ላስተምር?
(የፊዚክስ መምህር፣ ደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ባያስተምሩ ይሻላል። ዋት በ1736 ሲወለድ የእንፋሎት ሞተር ሥራ ከጀመረ 24 ዓመት ሆኖት ነበር (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቶማስ ኒውከመን በ1712 በእንግሊዝ፣ በደድሊ ግንብ አቅራቢያ፣ ከድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውሃ የሚያወጣ ሞተር ተክሏል። የሲሊንደሩ ስፋት 53 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር። በደቂቃ 12 ጊዜ እየተመላለሰ በእያንዳንዱ ምልልስ 45 ሊትር ገደማ ውሃ ከ46 ሜትር ጥልቀት ያወጣ ነበር።

የማንቆርቆሪያው ታሪክ አንድ ሌላ ስሕተትም ያስከትላል፤ ሥራውን የሠራው የእንፋሎት ግፊት ይመስላል። በኒውከመን ሞተር ላይ ግን ገፊው አየር ነው። እንደ ሚዛን በሚወዛወዝ ወራጅ ሌላ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው የፓምፑ ዘንግ ክብደት ፒስተኑን (በሲሊንደሩ ውስጥ የሚመላለሰውን ክዳን) ሽቅብ ሲስበው ሲሊንደሩ በእንፋሎት ይሞላል። ቫልቩ ይዘጋና ቀዝቃዛ ውሃ ወደ ውስጥ ይረጫል። እንፋሎቱ ተመልሶ ውሃ ሲሆን ውስጡ ባዶ ይቀራል፤ ያኔ ከላይ ያለው አየር ፒስተኑን ቁልቁል ይጫነዋል።

ከሰል የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። ያው ሲሊንደር በየምልልሱ ይቀዘቅዛል፤ ቀጥሎ የሚገባው እንፋሎት ብዙው የሚያልቀው ብረቱን መልሶ በማሞቅ ነው። ዋት በ1765 ያገኘው መፍትሔ እንፋሎቱን በሌላ ዕቃ ውስጥ ማቀዝቀዝ ነበር፤ ይህ ዕቃ ኮንደንሰር ይባላል። ሲሊንደሩ ሁልጊዜ እንደጋለ፣ ኮንደንሰሩ ሁልጊዜ እንደቀዘቀዘ ይቆያል፤ አንድ ፓምፕ የተጠራቀመውን ውሃና አየር ያወጣል። ለተመሳሳይ ሥራ የሚነደው ከሰል ወደ ሲሶ ገደማ ወረደ። ዋትና ሸሪኩ ማቲው ቦልተን ክፍያ የሚጠይቁትም በቁጠባው ልክ ነበር፤ ከተረፈው ከሰል ዋጋ አንድ ሦስተኛውን።

ጥያቄ፦ ሐሳቡ በ1765 ከተገኘ ሞተሩ እስከ 1776 ለምን ዘገየ?
(የቶርኖ ባለሙያ፣ አዳማ)

መልስ፦ የገንዘብ እጥረትም ነበረ፤ ዋናው ማነቆ ግን የእርስዎ ሙያ ነው። ቀጥ ያለ ክብ ሲሊንደር የሚሠራ ሰው አልተገኘም።

ኒውከመን ይህ ብዙም አላስጨነቀውም። ፒስተኑን በቆዳ ከብቦ ከላዩ ውሃ ያቁርበታል፤ ክፍተቱን ውሃው ይደፍነዋል። በዋት ሞተር ይህ አይሆንም፤ ሾልኮ የወረደው ውሃ በጋለው ሲሊንደር ውስጥ ተንኖ ባዶነቱን ያበላሻል። ስለዚህ ፒስተኑ ከግድግዳው ጋር በራሱ መግጠም አለበት። ዋት ጨርቅም ሌላም ጠቅጥቆ ሞከረ፤ ሲሊንደሩ ራሱ ጠማማ ሲሆን የትኛውም መድፈኛ አይረዳም።

የዘመኑ ቦሪ ማሽን (ሲሊንደርን ከውስጥ የሚፈለፍለው መሣሪያ) የሚቆርጠውን ጥርስ የሚሸከመው በአንድ ጫፍ ብቻ በተያዘ ረጅም ዘንግ ላይ ነበር። ጥርሱ ወደ ውስጥ በዘለቀ ቁጥር ዘንጉ ይዘምማል፤ ጥርሱም ብረቱ ሲፈስ የያዘውን ጠማማነት ተከትሎ ይሄዳል። እያንዳንዱ ቦታ ክብ ይመስላል፤ መሐሉ ግን ቀጥ አይልም። በዌልስ፣ በርሻም የነበረው ጆን ዊልኪንሰን በ1775 ዘንጉን በሲሊንደሩ ውስጥ ዘልቆ እንዲወጣ አድርጎ በሁለቱም ጫፍ ደገፈው። ሲሊንደሩ ታስሮ ይቆማል፣ ዘንጉ ይዞራል፣ ጥርሱ በዘንጉ ላይ እየተንሸራተተ ይቆርጣል። ቦልተን 50 ኢንች ስፋት ስላለው ሲሊንደር ሲጽፍ፣ ስሕተቱ በየትም ቦታ የአንድ አሮጌ ሽልንግ ውፍረት እንደማይሞላ መስክሯል። ዛሬ ይህ ሻካራ ሥራ ነው፤ ለቃጫና ለሞራ መድፈኛ ግን በቂ ነበር። በእኛ ግምት ዊልኪንሰን ባይኖር ኮንደንሰሩ ለብዙ ዓመታት ሞዴል ሆኖ በቀረ ነበር።

ጥያቄ፦ ሪቻርድ ትሬቪቲክ በ1804 ባቡር ካስኬደ የመንገደኛ ባቡር ለምን እስከ 1830 ተጠበቀ? ቦይለሩ ውስጥ ያሉት ብዙ ቧንቧዎችስ ለምንድን ናቸው?
(አንባቢ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ የትሬቪቲክ ባቡር በዌልስ 10 ቶን ብረትና 70 ያህል ሰው ይዞ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዟል። የተሸነፈው በሐዲዱ ነው። ሐዲዱ ለፈረስ ጋሪ የተሠራ ጊዛ (በቅርጽ ውስጥ ፈሶ የተሠራ ብረት) ነበር፤ ጊዛ ጭነት ሲበዛበት ሳይጎብጥ ይሰበራል። በ1820 ጆን በርከንሾ የማይሰባበር ብረት በሮለር ዳምጦ 15 ጫማ ርዝመት ያለው ሐዲድ አወጣ፤ መጋጠሚያውም ቀነሰ።

ቧንቧዎቹ እሳቱ ውሃውን የሚነካበትን ገጽ ለማብዛት ናቸው። በ1829 በእንግሊዝ የተካሄደውን የሬንሂል የባቡሮች ውድድር ያሸነፈው የሮበርት ስቲቨንሰን «ሮኬት» 25 የመዳብ ቧንቧዎች ነበሩት፤ ስፋታቸው 3 ኢንች ነው። ትኩስ ጭስ በውስጣቸው ያልፋል፣ ውሃው ከውጭ ይከባቸዋል። ጠባብ ቧንቧ ጭስ ስለሚያፍን፣ ከሲሊንደር የሚወጣው እንፋሎት በጭስ ማውጫው ሽቅብ ይተፋና አየርን በእሳቱ ውስጥ አሳልፎ ይስባል። አስቸጋሪው ክፍል የቧንቧዎቹ ጫፍ የሚታሰርበት ሰሌዳ ነው፤ የ«ሮኬት» ቦይለር በውሃ ግፊት ሲፈተሽ ሰሌዳው አብጦ ስለነበር ውስጡን የሚወጥሩ የብረት ዘንጎች ተጨመሩለት።