ባሕር በሌለበት አገር ስለ ኮራል መማር

ጥያቄ፦ «ባሕር ዳር የምኖር የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ሪፍ ስለሚባለው የባሕር ውስጥ የኮራል ክምርና እዚያ ስለሚኖሩ ፍጥረታት ያገኘሁትን ሁሉ አነባለሁ፤ ወደፊትም ሥራዬ እንዲሆን እፈልጋለሁ። ቤተሰቦቼ ግን ‹ባሕር በሌለበት አገር ይህን ተምረሽ ምን ልትሠሪ ነው? ይልቅ ለሕክምና ተዘጋጂ› ይሉኛል። መዋኘትም አልችልም። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ምን ልምረጥ? እስከዚያስ ምን ላድርግ?»

መልስ፦

የቤተሰቦችሽ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ከእሱ እንጀምር። ኮራል ብቻ ለሚያጠና ሰው አገር ውስጥ ደመወዝ የሚከፍል መሥሪያ ቤት የለም ማለት ይቻላል። ሥራው ያለው ጂቡቲ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኬንያ፣ ታንዛኒያና ከዚያም ወዲያ ነው። የውኃ ሕይወት ባለሙያ ግን እዚሁ ይቀጠራል፤ ሰበታ ያለው ብሔራዊ የዓሣና የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል፣ እናንተው ከተማ ያለው የዓሣ ምርምር ማዕከል፣ የግብርናና የአካባቢ ጥበቃ ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ስለዚህ የመጀመሪያ ዲግሪሽን በሐይቅ ላይ ሥሪ፤ ወደ ኮራል በማስተርስ ትሻገሪያለሽ።

ይህን የምንልሽ ለማጽናናት አይደለም። የኮራል ተመራማሪ ውኃ ውስጥ አንድ ሰዓት ቢቆይ ከዚያ በኋላ ቀናትን የሚፈጀው ፎቶ በመለየት፣ በመቁጠርና የቆጠረውን በስታቲስቲክስ በመተንተን ነው። ይህ ሁሉ ጣና ላይ ይለመዳል። እንዲያውም ከአንድ የዘር ግንድ ወጥተው በዚያው ሐይቅ ውስጥ የተለያዩት 15 የላቤዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች ለዝርያ መለየት ትምህርት ጥሩ ፈተና ናቸው። በአፍ ቅርጽ፣ በራስ ርዝመትና በአካል ውፍረት ካልሆነ በቀር በቀላሉ አይለዩም። እነሱን በትክክል መለየት የለመደ ዓይን ወደ ኮራል ሲዞር አይቸገርም።

ስለ ሕክምናው አሁን መጨቃጨቅ አያስፈልግሽም። እስከ 12ኛ ክፍል ፈተና ድረስ መንገዱ አንድ ነው፤ ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ፊዚክስ፣ ሒሳብና እንግሊዝኛ ለሁለቱም ያስፈልጋሉ። ክፍፍሉ የሚመጣው ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ የትምህርት ክፍል ስትመርጪ ነው። ያን ጊዜ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ በግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ ሥር ያለውን የዓሣና የውኃ ሳይንስ ትምህርት በመጀመሪያ ምርጫነት እንድትይዢ እንመክራለን። ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ተቀራራቢ ትምህርት አለው። ከእነዚህ ካልደረሰሽ ንጹሕ ባዮሎጂ ይበቃል፤ የመመረቂያ ጥናትሽን በውኃ ላይ ማድረግሽን ግን አደራ። ሁለቱ ቢቀርቡልሽ የቱን እንበል? የዓሣና የውኃ ሳይንሱን። መረብ መጣልን፣ ናሙና ማቆየትን፣ የውኃ ኬሚስትሪን ገና በመጀመሪያ ዲግሪ ያስነካሻል፤ ሥራ ፍለጋ ላይም ስሙ ራሱ ይናገርልሻል።

አንድ ወጥመድ አለ። «ማሪን» የሚለውን ቃል አይተው ባሕር ዳር ወዳለው የማሪታይም ሥልጠና የሚሄዱ ተማሪዎች አሉ። እዚያ የሚሠለጥኑት የንግድ መርከብ ሞተርና ኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅሱ መሐንዲሶች ናቸው። ጥሩ ሙያ ነው፤ ከኮራል ጋር ግን አይገናኝም።

አሁን ወደ ትምህርቱ። ኮራል ድንጋይም ተክልም አይደለም፤ እንስሳ ነው። በባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ከምታገኚያት ሃይድራ ጋር አንድ ክፍለ ስፍን ውስጥ ይመደባል። እያንዳንዱ ትንሽ እንስሳ ፖሊፕ ይባላል፤ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ ቤት ይሠራል፤ ሪፍ የምንለው የሺህ ዓመታት የቤቶች ክምር ነው። በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ ዙዛንቴሌ የሚባሉ ባለ አንድ ሕዋስ አልጌዎች ይኖራሉ፤ በፎቶሲንተሲስ ከሚሠሩት ምግብ ለኮራሉ ያካፍሉታል፤ ድርሻቸው ከሚያስፈልገው ኃይል እስከ 90 በመቶ ሊደርስ ይችላል። ቀለሙንም የሚሰጡት በአብዛኛው እነሱ ናቸው። ከዚህ አንድ ነገር ብዙ ነገር ይከተላል። አልጌው ብርሃን ስለሚፈልግ ሪፍ የሚገነቡት ኮራሎች የሚያድጉት ጥልቀት በሌለውና በጠራ ውኃ ነው፤ ጎርፍ ያመጣው ደለል የሚጎዳቸውም በዚሁ ምክንያት ነው። ውኃው ከለመዱት በላይ ሲሞቅ በእንስሳውና በአልጌው መካከል ያለው ስምምነት ይፈርሳል፣ ኮራሉ አልጌውን ያስወጣል፣ ነጩ አጽም በሥጋው ውስጥ ያንጸባርቃል። ይህ ነው መንጣት የሚባለው። የነጣ ኮራል ገና አልሞተም፤ ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ አልጌው ይመለሳል፣ ከዘገየ ይራባል። «ነጣ» እና «ሞተ» የሚሉትን ማምታታት ጀማሪዎች ሪፖርት ላይ አዘውትረው የሚሠሩት ስሕተት ነው።

ሙቀቱን ራስሽ ማስላት ትችያለሽ፤ ከመደመርና ከመቀነስ በላይ አይጠይቅም። የአሜሪካ የባሕርና የከባቢ አየር አስተዳደር የሪፎችን ሙቀት በሳተላይት በየቀኑ እየተከታተለ በነፃ ያወጣል። ስሌቱ እንዲህ ነው። የአንድን ቦታ እጅግ ሞቃታማ ወር የብዙ ዓመት አማካይ ሙቀት ውሰጂ። ከዚያ የየሳምንቱ ሙቀት ከእሱ በስንት ዲግሪ እንደሚበልጥ ቀንሺ። ብልጫው 1 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ መዝግቢ፤ ከ1 በታች ከሆነ 0 ነው። ያለፉትን ተከታታይ 12 ሳምንታት ደምሪ። ለምሳሌ የሞቃታማው ወር አማካይ 30 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆንና አራት ተከታታይ ሳምንታት 31.2፣ 31.5፣ 30.7 እና 32 ቢመዘገብባቸው፣ ድምሩ 1.2 እና 1.5 እና 0 እና 2፣ ማለትም 4.7 ነው። 4 ሲደርስ ጉልህ መንጣት ይጠበቃል፤ 8 ሲደርስ ሞትም ይከተላል። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው የዓመቱን አማካይ መነሻ በማድረጉ ነው፤ እንደዚያ ከተሰላ እያንዳንዱ ሞቃት ወቅት አደጋ ይመስላል። በሚያዝያ 2024 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አራተኛው ዓለም አቀፍ መንጣት ሲታወጅ ካርታዎቹ የተሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። የቀይ ባሕርን ሰሜናዊ ጫፍ ከደቡቡ፣ ከዳህላክና ከጂቡቲ አካባቢ ጋር እያወዳደርሽ የአንድ ሞቃት ወቅት ሠንጠረዥ ሥሪ። ሰሜኑ በተለይ የአቃባ ባሕረ ሰላጤ፣ ሙቀት በመቋቋሙ ተመራማሪዎችን ያስገረመ ቦታ ነው።

ቆጠራውን ደግሞ በትምህርት ቤት ሜዳ ትለማመጃለሽ። ሪፍ ቼክ የተባለው የበጎ ፈቃድ ቆጠራ ዘዴ 100 ሜትር ሜትሮ ሪፉ ላይ ይዘረጋና በ5 ሜትር ክፍተት የተለያዩ አራት የ20 ሜትር ክፍሎች ይወስዳል፤ በየግማሽ ሜትሩ ከሜትሮው ሥር ያለውን ይመዘግባል። ለአንድ ክፍል 40 ነጥብ፣ በጠቅላላው 160 ነው። አንቺ 20 ሜትር የማይለጠጥ ገመድ ውሰጂና በየ50 ሳንቲሜትሩ ቋጠሮ አድርጊበት። ሣር፣ ባዶ አፈር፣ ድንጋይና ቆሻሻ በተቀላቀለበት ቦታ ዘርጊው። ክር ላይ የብሎን ዳዶ አንጠልጥለሽ እንደ ግንበኛ ቱንቢ ከየቋጠሮው ልቀቂው፤ ጫፉ የነካውን ብቻ ጻፊ። ከ0 ጀምረሽ 19.5 ላይ ታቆሚያለሽ፤ 20ኛውን ሜትር ከጨመርሽ 41 ነጥብ ይሆንና መቶኛው ይበላሻል። ሣር 22 ጊዜ ከመጣ 22 ለ40፣ ማለትም 55 በመቶ ነው። ቱንቢው ለምን አስፈለገ? ዓይን ሁልጊዜ የሚያምረውን ስለሚመርጥ። ገመዱ ከመሬት ከፍ ካለ በግምት የሚጽፍ ሰው ሣሩን ያበዛል፤ ሪፍ ላይ ደግሞ ኮራሉን ያበዛል፣ አሸዋውን ያሳንሳል።

ቀጥሎ ጓደኛሽ ያንኑ መስመር ሳታይሽ ትቁጠር። ውጤታችሁ ከ3 ወይም 4 ነጥብ በላይ ከተለያየ ጥፋቱ የዓይን ላይሆን ይችላል፤ ቃል ስላልተስማማችሁ ነው። የደረቀ ሣር «ሣር» ነው ወይስ «ባዶ መሬት»? ሪፍ ላይም ጠቡ ይኸው ነው፤ በቅርብ የሞተ ኮራል፣ አልጌ የሸፈነው ድንጋይና ፍርስራሽ የተለያየ መደብ አላቸው። ትርጉማቸውን ጽፋችሁ ከተስማማችሁ በኋላ እንደገና ቁጠሩ።

ከጣናም አንድ መሣሪያ ውሰጂ፤ ሴኪ ዲስክ ይባላል፣ ውኃው ምን ያህል የጠራ እንደሆነ መለኪያ ነው። ከላሜራ 20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ አስቆርጪ፣ አራት እኩል ቦታ ከፍለሽ ጥቁርና ነጭ እያፈራረቅሽ ቀቢው፣ ከሥሩ ክብደት እሰሪበት፣ ገመዱን በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት አድርጊበት። ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በጀልባው ጥላ በኩል ቀስ አድርገሽ አውርጂው። የጠፋበትን ጥልቀት ጻፊ፣ ስታነሺው ዳግም የታየበትን ጻፊ፣ አማካዩን ውሰጂ። ናይለን ገመድ ሲረጥብ ስለሚለጠጥ ምልክቶቹን ካረጠብሽው በኋላ አድርጊ። ነፋስ ጀልባውን ከገፋው ገመዱ ይጋደምና ውኃው ከእውነቱ በላይ የጠራ ይመስላል፤ ክብደት ጨምሪ ወይም ለሌላ ቀን ተይው። በክረምትና በበጋ፣ በወንዝ መግቢያና ከዳር ራቅ ባለ ቦታ ለአንድ ዓመት በየሁለት ሳምንቱ የመዘገበ ተማሪ፣ ደለል ብርሃንን እንዴት እንደሚቀማ በቁጥር ያሳያል፤ ዩኒቨርሲቲ ሲገባም መምህር ፊት የሚያቀርበው ነገር አለው። ያለ ዐዋቂና ያለ ሕይወት አድን ጃኬት ጀልባ ላይ አትውጪ፤ ዳር ላይም በባዶ እግርሽ ውኃ ውስጥ አትቁሚ። ጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ፣ ጉማሬም አለ።

ስለዚህ መዋኘት የምትለማመጂው በሐይቁ ሳይሆን በሆቴል ገንዳ፣ በአሠልጣኝ ነው። መድረሻሽን እወቂ፤ የመጀመሪያው የጠላቂነት ኮርስ 200 ሜትር ሳያቋርጡ መዋኘትና 10 ደቂቃ መንሳፈፍ ይጠይቃል። ፍጥነት አይለካም፤ ስልቱም ነፃ ነው። 25 ሜትር ገንዳ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ 8 ጊዜ ማለት ነው። ለሙሉ የምስክር ወረቀት 15 ዓመት ይበቃል፣ የሚፈቅደውም እስከ 18 ሜትር ጥልቀት ነው። አስም፣ የጆሮ ሕመም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ማየት አለበት። ለምርምር ሥራ ግን ሁሉም ጠላቂ አይደለም፤ በሳተላይት ምስል፣ በጄኔቲክስና በላቦራቶሪ የሚሠሩ አሉ፤ መዋኘቱ ባይሳካልሽ በሩ አይዘጋም። እንግሊዝኛና አር (R) የተባለው ነፃ የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ከመዋኘት ይበልጥ በሩን ይከፍታሉ ብንል አልተጋነነም።

ማስተርስ ላይ ስትደርሺ ሦስት ቦታዎችን ተከታተዪ። በቤልጂየም ብራስልስ፣ ጌንትና አንትወርፕ ዩኒቨርሲቲዎች በጋራ የሚሰጡት የባሕርና የሐይቅ ሳይንስ ፕሮግራም ስሙ እንደሚለው ከሐይቅ ለሚመጣ ሰው የተመቸ ነው። የጀርመኑ ብሬመን ዩኒቨርሲቲ የሐሩር ውኃዎች ሥነ ምህዳር ማስተርስ አለው። ሳዑዲ ውስጥ ቱወል ላይ ያለው የንጉሥ አብዱላህ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ በቀይ ባሕር ዳር ነው፣ የራሱ የቀይ ባሕር ምርምር ማዕከል አለው፤ ለሚቀበላቸው ተማሪዎች ክፍያና ኑሮ ይሸፍናል፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ግን አይሰጥም። ለእነዚህ ሁሉ ማመልከቻ የሚገባው ትምህርቱ ከመጀመሩ ከብዙ ወራት በፊት ስለሆነ፣ ከመመረቂያ ዓመትሽ መስከረም ጀምሮ ቀናቱን ተመልከች። ማመልከቻው ላይ ለባሕር ያለሽን ፍቅር የሚገልጽ ገጽ አታብዢ፤ ስንት ጣቢያ፣ ስንት ናሙና፣ በምን መሣሪያ እንደለካሽ ጻፊ።

የመጀመሪያውን ኮራል ለማየት እስከዚያ መቆየት የለብሽም። በአፋር ዝቅተኛ ቦታ ዳርቻ፣ ከ100 ሺህ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ቀይ ባሕር ገብቶ ትቶት የሄደው የኮራል ቅሪት አካል አለ፤ አዲስ አበባ ወይም መቐለ ያሉ የጂኦሎጂ ተማሪዎች ለመስክ ሲወጡ ያዩታል። ሕያዉ ደግሞ ቅርቡ ጂቡቲ ነው፤ በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ወዳሉት ሙሻና ማስካሊ ደሴቶች በጀልባ ይደረሳል፣ በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ብቻም ይታያል። ጥቂት ፈረንሳይኛ ይዘሽ ሂጂ። የአየር ታንክ ይዘሽ ከጠለቅሽ ግን አንድ ነገር አስቢ፦ አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ ወደ ቤት መመለስ ለሰውነት አውሮፕላን ውስጥ እንደ መቀመጥ ነው፤ በደም ውስጥ የቀረው ናይትሮጅን አረፋ ይሠራል። ከአንድ መጥለቅ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ በተደጋጋሚ ወይም ለቀናት ከጠለቅሽ 18 ሰዓት ባሕር ዳርቻው ላይ ቆዪ። ወደ ደጋ የሚወጣው መኪናም ባቡርም ከዚህ ሕግ ውጭ አይደለም፤ የመመለሻ ቲኬትሽን ለመጨረሻው መጥለቅሽ ማግስት፣ ለከሰዓት በኋላ ቁረጪው።