ያረፈ ካርፕና ቀስ እያለ የሚዞር ካርፕ

ጥያቄ፦ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ከዚራ ነው። ውጭ አገር ያለ ወንድሜ በሰው ሠራሽ ዝንብ ዓሣ የሚጠመድበትን ዘንግ ከነክሩ ላከልኝ። ውርወራውን ሐረማያ ሐይቅ ዳር ስለማመድ ከርሜ ባለፈው ወር ቆቃ ድረስ ሄድኩ። እኩለ ቀን ገደማ ካርፖች ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብለው፣ አንዳንዶቹ ቆመው፣ ሌሎቹ ቀስ እያሉ ሲዞሩ በግልጽ አያለሁ። ዝንቡን አናታቸው ላይ በጣልኩ ቁጥር ግን ወይ በርግገው ይጠፋሉ ወይ እንዳላዩ ያልፉታል። ስህተቴ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ውድ አንባቢያችን፣ ችግሩ የእጅዎ አይመስለኝም። የቆመውንና የሚዞረውን ዓሣ እንደ አንድ ቆጥረውታል። ካርፕ ምግብ ላይ ሲሆን ራሱን ዘቅዝቆ በአፉ ዙሪያ ባሉት አራት ሪዝ መሰል መዳሰሻዎች ጭቃውን ይዳብሳል፤ ያን ጊዜ ጭራው ከፍ ይላል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ አረፋም ይወጣል። እርስዎ ካዩዋቸው ዓሣዎች አንዱም ይህን አያደርግም ነበር።

የቆመው ካርፕ አርፏል። የዓሣ የሰውነት ሙቀት ከውሃው ሙቀት ጋር የሚለዋወጥ በመሆኑ፣ ፀሐይ ያሞቀችውን የላይኛውን ውሃ ፈልጎ ይቆማል፤ ከደረቱ ክንፎች በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር ካላዩበት የመብላት ፍላጎቱ ትንሽ ነው። ዝዋይ ዳር እንዲህ ባሉ ዓሣዎች ላይ ስወረውር አንድ ሙሉ ቀን አሳልፌ ያለ ምንም ተመልሻለሁ፤ ስለዚህ ጊዜዎን እንዳያጠፉባቸው ከልብ እመክራለሁ። መሞከር ካለብዎ፣ ክብደት ያልታሰረበት ትንሽ ዝንብ ከዓይኑ ፊት ስንዝር ያህል ርቆ በዝግታ እንዲሰምጥ ያድርጉ፤ ሁለቴ ሞክረው ካልተነሣ ይተዉት። አንዳንዴ ከማረፉ ሲነቃ መዞር ይጀምራልና ከሩቅ ሆኖ መጠበቁ ይሻላል።

ቀስ እያለ የሚዞረው ግን ሊያዝ ይችላል። አካሄዱን አስቀድመው ያጥኑ፤ ካርፕ በአንድ ጥግ ደጋግሞ የሚመላለስበት መንገድ አለው። ዝንቡን አናቱ ላይ ሳይሆን ከፊቱ ሁለት ወይም ሦስት ክንድ ያህል አርቀው፣ ከመንገዱም አሳልፈው ይጣሉት። ከዚያ የዘንጉን ጫፍ ከፍ አድርገው ዝንቡን በውሃው ገጽ ላይ በቀስታ እየሳቡ እስከ መንገዱ ያምጡትና እዚያ ይልቀቁት፤ ዓሣው ሲደርስ ዝንቡም እሱ ወደሚዋኝበት ጥልቀት ወርዶ መገኘት አለበት። ወደ ዓሣው እየገሰገሰ የሚመጣ ዝንብ ግን ያስበረግገዋል፤ ሊበላ የሚፈራ ነፍሳት ወደ በላተኛው አይሮጥምና፣ ካንቀሳቀሱት ከዓሣው እየራቀ ይሂድ። ቡናማ ወይም የወይራ ቀለም ያለው፣ በ8 ቁጥር መንጠቆ የታሰረ ዝንብ፣ ከወፍራሙ ክር ጫፍ የሚቀጠል 3 ሜትር ተኩል ያህል ቀጭን ክር፣ እንዲሁም ከ6 እስከ 8 ቁጥር ያለው ዘንግ ይበቃዎታል።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ከዚህ በኋላ ነው። ካርፕ በመንጋጋው ላይ ጥርስ የለውም፤ የሚያደቅበት ጥርስ ጉሮሮው ውስጥ ነው። ስለዚህ ምግቡን መጥጦ ይቀምስና ያልጣመውን በቅጽበት ይተፋዋል፤ ክሩ ሲንቀሳቀስ እስኪያዩ ከጠበቁ መንጠቆው ተተፍቷል። ዓይንዎ ከዓሣው አይለይ። ጭንቅላቱን ወደ ዝንቡ ካዞረ፣ ጉዞውን ገታ ካደረገ፣ ወይም የጉንጩ ክዳን ከተከፈተ፣ ዘንጉን ወደ ላይ ሳይነጥቁ ክሩን በእጅዎ ብቻ ሳብ ያድርጉ። «እንዳላዩ ያልፉታል» ካሏቸው ውስጥ አንዳንዶቹ ቀምሰው የተፉት ሳይሆኑ አይቀሩም።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ዓሣው ከታየ ነው። ቆቃ በክረምት አዋሽ በሚያመጣው ደለል ይደፈርሳል፤ በሌላም ጊዜ ጥቃቅን ተሕዋስያን አረንጓዴ ያለብሱታል። ውሃው ጠራ ሲል፣ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፖላራይዝድ የሚባለውን ነጸብራቅ የሚቀንስ መነጽር አድርገው፣ ጥላዎ ዓሣው ላይ እንዳያርፍ ተጠንቅቀው ይመልከቱ። ቆቃ ጉማሬና አዞ ያለበት ስለሆነ ውሃው ውስጥ ገብተው እንዳያጠምዱ አደራ እላለሁ።

ጥያቄ፦ ከሐረር፣ ጀጎል። አባባ «ዓሣ ጆሮ የለውም፣ እንደፈለግህ ተራመድ» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ አባባ በውጭ የሚታይ ጆሮ የለውም ማለታቸው ከሆነ ልክ ናቸው። ውስጠኛው ጆሮ ግን አለው፤ በካርፕም የአየር ከረጢቱ በትናንሽ አጥንቶች ከዚህ ጆሮ ጋር ስለሚገናኝ መስማቱ ከብዙ ዓሣዎች ይበልጣል። በጎኑ የተዘረጋው የስሜት መስመርም የውሃውን ንቅናቄ ይለያል። በአየር ላይ የሚነገር ቃል አብዛኛው ከውሃው ገጽ ተንጸባርቆ ስለሚመለስ ከአባባ ጋር ቀስ ብለው ቢያወሩ ብዙም አይጎዳም፤ መሬቱን የሚመታው እግር ግን በቀጥታ ወደ ውሃው ይደርሳል። ካርፕ የሚገኝበት ወገን ዓሣዎች ቆዳቸው ሲጎዳ ሌሎቹን የሚያስደነግጥ ንጥረ ነገር እንደሚለቁም ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ በ1938 እ.ኤ.አ. አስታውቋል። አንድ ካርፕ ታግሎ ከወጣበት ጥግ ወዲያው ሌላ አይጠብቁ፤ መቶ እርምጃ ያህል በቀስታ ፈቀቅ ብለው እንደገና ይመልከቱ።