ጋሽ ፍሬን ይጠየቃሉ፦ ሮለርኮስተር፣ ሰልፍና የመብራት መጥፋት

አስተናጋጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። የዛሬው ተጠያቂ ጋሽ ፍሬን ናቸው። ዓረብ አገር በመዝናኛ ፓርኮች የሮለርኮስተር ጥገና ላይ ሠርተው ተመልሰዋል። ሮለርኮስተር ማለት በሐዲድ ላይ ዳገት ቁልቁለቱን በፍጥነት የሚሮጠው የመዝናኛ ባቡር ነው። አሁን እዚሁ ስታዲየም አካባቢ ነው የሚኖሩት። ቅጽል ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ምክንያቱን ሲመልሱ ታዩታላችሁ። ጥያቄያችሁ አጠር ይበል።

ጋሽ ፍሬን፦ እሺ። መጀመሪያ አንድ ነገር ላስቀድም። ስልክ በእጅ ይዞ መሳፈር የለም። ቪዲዮ ምናምን አትበሉኝ። የምጠራቸው ዓመቶች ደግሞ በፈረንጅ ናቸው። በሉ ጠይቁ።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ የቱ ሮለርኮስተር ይሻላል?

ጋሽ ፍሬን፦ ለምኑ? ለፍጥነት? ለከፍታ? ለልጅ? ይሄ ጥያቄ አይደለም። ቀጥሉ።

ተማሪ 6 ኪሎ፦ ተገልብጦ ሲሄድ ለምንድነው የማይወድቀው? ቀበቶው ነው የያዘን?

ጋሽ ፍሬን፦ ይሄ ጥያቄ ነው። ሁለት ነገር አለ፤ የፉርጎውና የአንተ። ፉርጎው ሦስት ዓይነት ጎማ አለው። አንደኛው ከሐዲዱ በላይ ሆኖ ክብደት ይሸከማል። ሁለተኛው በጎን ይዞ እንዳይንሸራተት ያደርጋል። ሦስተኛው ከሐዲዱ ሥር ገብቶ ከታች ያቅፋል። ይህን የሥር ጎማ አሜሪካዊው ጆን ሚለር በ1919 የፈጠራ መብት አስመዝግቦበታል። ከዚያ ወዲህ ፉርጎ ከሐዲድ ተነስቶ የመብረር ነገር በጣም ከባድ ሆነ።

አንተን ሐዲዱ ዞሮ በሚገለበጥበት ቀለበት ጫፍ ላይ የሚይዝህ ደግሞ በዋናነት ፍጥነቱ ነው። ወደ መቀመጫህ ይጫንሃል። አንተ ቀበቶ ያልከው መያዣ ባቡሩ ቢዘገይ ወይም ቢቆም እንዳትወርድ ነው። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ኒውዮርክ፣ ኮኒ አይላንድ ላይ የሠሩት ቀለበት ድፍን ክብ ነበር። ታች ላይ ባቡሩ በጣም ይፈጥናል። በዚያ ፍጥነት ድንገት ወደ ክቡ ሲገባ የሰው አንገት አልቻለውም። በ1976 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተከፈተው ሬቮሉሽን የተባለው ግን ከታች ሰፋ፣ ከላይ ጠበብ ያለ ቀለበት ይዞ መጣ። ፍጥነት ባለበት ሰፊ፣ ፍጥነት በቀነሰበት ጠባብ። ዛሬ የምታየው ቀለበት ሁሉ የዚያ ዘመድ ነው።

ሚሚ ልደታ፦ ከፊትና ከኋላ መቀመጫ የቱ ነው ልብ የሚያወጣው?

ጋሽ ፍሬን፦ የኋላው። የፊቶቹ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ አንቺ ገና ዳገት ላይ ነሽ። ከዚያ ባቡሩ ይጎትትሻል፤ ጫፉን በፍጥነት ስለምታልፊው ከመቀመጫሽ ብድግ ትያለሽ። ከፊት ያለው ደግሞ እይታና ንፋስ ያገኛል። ፈሪ ከሆንሽ መሐል።

ካሳንቺስ ነበርኩ፦ ውጭ አገር ለእረፍት ሄጄ ዳገቱ ጫፍ ልንደርስ ስንል ቀጥ ብሎ ቆመ። ሰው ሁሉ ጮኸ። ያን ያህል ገንዘብ አስከፍለው የተበላሸ ነገር ላይ ያወጡናል እንዴ?

ጋሽ ፍሬን፦ ተበላሽቶ ሳይሆን አይቀርም ያልከው ምናልባት በደንብ እየሠራ ነበር። ይሄን ሁሉም ያንብበው።

ሐዲዱ በክፍል የተከፈለ ነው። በአንድ ክፍል ውስጥ በአንድ ጊዜ አንድ ባቡር ብቻ። ሐሳቡ ከምድር ባቡር የመጣ ነው። ፊት ያለው ባቡር ክፍሉን ካልለቀቀ የኋላው አይገባም፤ ባለበት ይያዛል። ታዲያ ጣቢያው ላይ አንድ ሰው መያዣውን እንቢ ካለ፣ ወይም ጫማው ወድቆ ልፈልግ ካለ፣ ባቡሩ አይነሳም። እሱ ካልተነሳ የኋላው ጣቢያ መግባት አይችልም። ሦስተኛው አንተ ነህ፤ ዳገት ላይ ትቆማለህ። ሰንሰለቱ ሲጎትትህ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ሰምተሃል? ፉርጎው ላይ ያለው የብረት ጥፍር የሐዲዱን ጥርስ እያለፈ ሲወድቅ ነው። ሰንሰለቱ ቢበጠስ እንኳ ወደ ኋላ አያንሸራትትህም።

ከቆመ ባቡር ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ አለምክንያት የሚያስነሳው ሰው ነው። በ2015 እንግሊዝ አገር፣ አልተን ታወርስ በሚባል መዝናኛ ፓርክ፣ ስማይለር የሚባለው ሮለርኮስተር ላይ ኮምፒዩተሩ ባቡሩን ያቆመው በትክክል ነበር። ከፊት ባዶ ባቡር ሐዲዱ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ባለሙያዎቹ ግን ኮምፒዩተሩ ተሳስቷል ብለው አልፈውት አስነሱት። ሰው የጫነው ባቡር ባዶውን ገጨው። ሁለት ወጣት ሴቶች እያንዳንዳቸው አንድ እግር አጡ። ማሽኑ «ቁም» ካለ ቁም። አለቀ።

ባለ ሚኒባስ፦ ጋሼ፣ እኛ አገር ቢሆንና መብራት ቢጠፋስ? አየር ላይ መቅረት ነው?

ጋሽ ፍሬን፦ ዕድሜ ይስጥህ፤ ይሄን ስጠብቅ ነበር።

በሰንሰለት ወደ ላይ ተጎትቶ የሚለቀቀው ዓይነት ባቡር ጫፉን ካለፈ በኋላ ሞተር የለውም። የሚያስኬደው ስበት ነው። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ መሄዱን አይተውም። ዋናው ነገር ማን ያቆመዋል ነው። ድሮ ሰው ነበር በማንሻ የሚይዘው። አሁን በብዛት ሁለት ዓይነት ፍሬን አለ።

አንደኛው በንፋስ የሚሠራ መቆንጠጫ ነው። ልብ በል፤ ንፋሱ ፍሬኑን የሚከፍት እንጂ የሚዘጋ አይደለም። መብራት ሄደ፣ ኮምፕረሰር ቆመ፣ ንፋስ አለቀ፤ ስፕሪንጉ ራሱ ይዘጋዋል። ከባድ መኪና የነዳህ ከሆነ የእጅ ፍሬኑ እንደዚያው ነው፤ ንፋስ ሲጎድል ይይዛል።

ሁለተኛው የማግኔት ነው፤ እኔ የምወደው። ሐዲዱ ላይ ጠንካራ ማግኔቶች በሁለት ረድፍ ይቆማሉ። ከፉርጎው ሥር ስስ የመዳብ ወይም የአሉሚኒየም ሳህን በመካከላቸው ያልፋል። መዳብ ማግኔት አይስበውም። ግን በመካከላቸው ሲያልፍ ውስጡ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈጠራል፤ ያ ጅረት እንቅስቃሴውን ይቃወማል። ብረት ከብረት አይነካካም። የሚበላ የፍሬን ሸራ የለም። ዝናብ ቢዘንብ ግድ የለውም። መብራት ኃይልም አያስፈልገውም። አንድ ጉድለት ብቻ አለበት። ባቡሩ እየዘገየ ሲመጣ ጉልበቱም ይደክማል፤ ስለዚህ ሙሉ በሙሉ አያቆምም። ለዚያ ነው መጨረሻ ላይ መቆንጠጫው የሚጨመረው።

ዳገት ላይ መብራት ቢጠፋ ጥፍሩ ይይዝሃል። ሠራተኛ መጥቶ መያዣህን ይከፍትና ከጎን ባለው ደረጃ ትወርዳለህ። ስልክ አውጥቶ ቪዲዮ መቅረጽ ግን የለም።

የፒያሳ ልጅ፦ ስለ ቪዲዮው ምን አስጨነቀዎት ጋሼ?

ጋሽ ፍሬን፦ ባቡሩ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ከእጅህ ያመለጠ ስልክ ከኋላህ ያለችውን ልጅ ፊት ያገኛል። ገባህ?

የሁለት ልጆች እናት፦ ልጄ ለትልቁ ጨዋታ ቁመቷ ትንሽ ነው የሚጎድላት። ወፍራም ጫማ ባደርግላት ያሳልፏታል?

ጋሽ ፍሬን፦ ምናልባት ያሳልፏት ይሆናል። አንቺ ግን አታድርጊው እህቴ። የቁመቱ መለኪያ የዕድሜ ጉዳይ አይደለም። መያዣው የሚቀመጠው ጭኗ ላይ፣ ዳሌዋ ጋ ነው። አጭር ልጅ ከሆነች መያዣው ከሆዷ ላይ ይቀራል፣ ወይም ክፍተት ይተዋል። ከዚያ ባቡሩ ጉብታ ሲያልፍ ገላዋ ወደ ላይ ብድግ ይላል፤ የሚያስቀራት ያ መያዣ ብቻ ነው። ጫማው ቁመት ይጨምራል እንጂ ጭን አይጨምርም። ጠብቂያት። ታድጋለች።

አቤል፦ የቪዛና የትኬት ዋጋ ስንት ነው አሁን?

ጋሽ ፍሬን፦ የጉዞ ወኪል ጠይቅ።

አቤል፦ በግምት?

ጋሽ ፍሬን፦ አቤል!

ሰላም ነኝ፦ እኔ ሮለርኮስተሩን አልፈራም፤ ሰልፉን ነው። ሁለት ሰዓት ቆሞ ሁለት ደቂቃ። ለምንድነው ሌላ ባቡር የማይጨምሩት?

ጋሽ ፍሬን፦ ቢጨምሩም አይረዳሽም። ሰልፉን የሚያዘገየው ሐዲዱ አይደለም፤ ጣቢያው ነው። እንቁጠር። አንድ ባቡር 24 ሰው ይይዛል እንበል። በየ90 ሰከንዱ አንድ ከተነሳ በሰዓት 40 ባቡር ነው። 960 ሰው። አሁን አንዱ ቦርሳውን የት ላስቀምጥ ይላል። አንዷ ከጓደኛዬ ጋር ካልተቀመጥኩ ትላለች። አንዱ መያዣውን ራሱ ይጎትተዋል፣ ጠበበኝ ይላል፣ ይከፈታል፣ ሁሉም እንደገና ይፈተሻል። 90 ሰከንዱ ሁለት ደቂቃ ሆነ። በሰዓት 720። ፊትሽ 900 ሰው ካለ፣ አንድ ሰዓት የማይሞላው ጥበቃ አንድ ሰዓት ከሩብ ሆነ ማለት ነው። 30 ሰከንድ ናት ይህን ያደረገችው። ለዚያ ነው ኪሳችሁን ባዶ አድርጋችሁ ኑ የምለው።

ደግሞ ሰልፍ ሁሉ እኩል አይረዝምም። በ1985 ዴቪድ ማይስተር የሚባል ሰው ስለዚህ ጽፏል። ሥራ ፈትቶ የሚጠበቅ ጊዜ ይረዝማል። መቼ እንደሚያልቅ ያልታወቀም ይረዝማል። ፍትህ የሌለበትም እንደዚያው።

ባለ ሚኒባስ፦ ፍትህ ሲባል፣ ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ «ሰው ይዤ ነው» የሚሉትን ምን እንበላቸው? አንድ ሰው ይቆማል፣ ታክሲው ሲመጣ አምስት ይሆናል።

ሚሚ ልደታ፦ አንተ ደግሞ ታክሲ ከሞላ በኋላ በሰልፍ ያልመጣ ሰው ጋቢና ታስገባለህ። አይቼሃለሁ።

ባለ ሚኒባስ፦ እኔን? በየት ታርጋ?

ካሳንቺስ ነበርኩ፦ ተራ አስከባሪው ራሱ ዘመዱን ያስቀድማል። ዝም ብለን ነው።

አቤል፦ ፓርኮቹም ያው ናቸው። ፈጣን ትኬት የገዛ ቀድሞ ይገባል። ታክሲ ላይ ብር ሰጥቶ ቢገባ ሌባ እንለዋለን፤ እዚያ ግን አገልግሎት ይባላል።

ሰላም ነኝ፦ ይለያል። ያኛው በይፋ ነው፣ ዋጋው ተለጥፏል።

አቤል፦ ስለተለጠፈ ነው ትክክል የሆነው?

ጋሽ ፍሬን፦ አቤል ለመጀመሪያ ጊዜ ቁም ነገር ተናገረ። ዲዝኒ በ1999 ፋስትፓስ የሚባለውን ፈጣን ትኬት ሲጀምር ነፃ ነበር። ሰዓት ይሰጡሃል፣ በሰዓትህ ትመለሳለህ። አሁን ገንዘብ ነው። ባቡሩ ግን መቀመጫ አልጨመረም። ከ960ው ግማሹ ለከፋዮች ከተሰጠ ለሌላው 480 ቀረ። ያ 900 ሰው ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ ይቆማል። አንተ የገዛኸው ጊዜ ከሌላው ኪስ የተወሰደ ነው። ታክሲውን እናንተው ጨርሱት።

ሽማግሌው፦ አዲስ አበባ ከፍታዋ ትልቅ ነውና ሮለርኮስተር አይሠራባትም የሚሉ አሉ። እውነት ነው?

ጋሽ ፍሬን፦ አይደለም አባቴ። ሜክሲኮ ሲቲ ከባህር ጠለል በላይ ወደ 2,240 ሜትር ነው፤ ከእኛ ብዙም አያንስም። እዚያው ቻፑልቴፔክ በሚባለው ፓርክ ውስጥ በ1964 ትልቅ የእንጨት ሮለርኮስተር ተከፍቶበታል። እዚህ አዲስ አበባ አየሩ ከባህር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ባቡሩን የሚገታው ንፋስ ያንሳል፤ ትንሽ ይፈጥናል እንጂ አይቸገርም። መሐንዲሱ ፍሬኑን በዚያ ልክ ያሰላል። ንፋስ ምን ያህል ጉዳይ እንደሆነ ለማወቅ አቡዳቢ ያለውን ፎርሙላ ሮሳ የሚባለውን ሮለርኮስተር ይመልከቱ። በሰዓት 240 ኪሎ ሜትር ስለሚሄድ ተሳፋሪው መነጽር ይደረግለታል። በዚያ ፍጥነት ዝንብም አሸዋም ዓይን ያጠፋል።

ተማሪ 6 ኪሎ፦ ታዲያ ለምን እኛ ጋ ትልቅ የለም? ወዳጅነት ፓርክ ተሠራ፣ እንጦጦ ላይ ዚፕላይን አለ።

ጋሽ ፍሬን፦ መግዛቱ አይደለም ከባዱ። በየቀኑ ጠዋት ፓርኩ ሳይከፈት ሐዲዱን በእግር የሚያይ፣ ብሎኑን የሚፈትሽ፣ ባዶ ባቡር የሚያስሮጥ፣ የፈረመበትን ወረቀት የሚያስቀምጥ ሰው ያስፈልጋል። መለዋወጫው በውጭ ምንዛሪ ነው። የሥር ጎማው ላስቲክ አለቀ ተብሎ «ለጊዜው» በሌላ ነገር አይተካም። እኛ «ለጊዜው» የምንለው ነገር ዕድሜው ረጅም ነው። ይህንን ካሸነፍን ይሠራ፤ እኔም አመለክታለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጋሼ፣ ዘግይቼ ነው የገባሁት። የቱ ሮለርኮስተር ይሻላል?

ጋሽ ፍሬን፦ ወደ ላይ ሂድና አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ አነበብኩ፣ አልመለሱም።

ጋሽ ፍሬን፦ እሱ ነው መልሱ።

የሁለት ልጆች እናት፦ ማቅለሽለሽ ለሚያስቸግረውስ?

ጋሽ ፍሬን፦ ከባድ ምግብ በልታችሁ አትውጡ፣ ባዶ ሆድም አትውጡ። ዓይን አይጨፈን፤ ወደሚሄድበት ይታይ። ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛንና ዓይን ሲጣሉ ነው ሆድ የሚገለበጠው። እርግዝና፣ ልብ፣ የጀርባ ቀዶ ጥገና ያለበት አይውጣ፤ ዝርዝሩን ሐኪም ጠይቁ። ስልኩንም ከታች ተዉት።

ሰላም ነኝ፦ የመጨረሻ። ከሰልፉ ጭራ ሆኜ ስንት እንደምቆም በምን ልወቅ? ሰሌዳው ላይ የሚጽፉት ልክ አይሆንም።

ጋሽ ፍሬን፦ ራስሽ ቁጠሪ። አንድ ባቡር ሲነሳ ሰዓትሽን ያዢ፣ ቀጣዩ ሲነሳ ተመልከቺ። ስንት ወንበር እንዳለው ቁጠሪ። ፊትሽ ያለውን ሰው ለወንበሩ አካፍለሽ በደቂቃው አባዢ። ፈጣን ትኬት ካለ እጥፍ አድርጊው።

ባለ ሚኒባስ፦ ቆይ፣ አሁን ሜክሲኮ ነኝ። ሰልፉ ላይ 84 ሰው አለ። በ12 ሲካፈል ሰባት መኪና። በየስድስት ደቂቃው ቢመጣ 42 ደቂቃ። ትክክል ነው?

ጋሽ ፍሬን፦ አይሠራም። ሒሳቡ ባቡሩ ተመልሶ የሚመጣ ከሆነ ነው። አንተስ እዚያ ምን ትሠራለህ? ሥራ ላይ አይደለህም?

ባለ ሚኒባስ፦ ዛሬ መኪናዬ ጋራዥ ነው። ፍሬን።