የአባትሽን የዱቤ መዝገብ ከዶስ ለማውጣት

ጥያቄ፦ «ጋሼ፣ አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የሕንፃ መሣሪያ መደብሩን ሒሳብ ከ1987 እስከ 1996 ዓ.ም. የያዘው በዶስ (ከዊንዶውስ በፊት በነበረው፣ ትዕዛዝ እየተጻፈ በሚሠራበት የኮምፒውተር ሲስተም) በሚሠራ ፕሮግራም ነበር። ኮምፒውተሩ ከሞተ ቆይቷል፤ የቀሩን 3 ፍሎፒዎች ብቻ ናቸው። ላፕቶፔ ላይ ቨርቹዋልቦክስ (በኮምፒውተር ውስጥ ሌላ ኮምፒውተር፣ ማለትም ቨርቹዋል ማሽን፣ የሚፈጥር ፕሮግራም) ጭኜ ኤምኤስ-ዶስ 6.22 አስገባሁበትና ፕሮግራሙን ገለበጥኩ። ስከፍተው ግን ‹ሬንታይም ኤረር 200› ብሎ ይዘጋል። ዶሱ ምንም ሳይሠራ ተቀምጦ እንኳ የላፕቶፑ ፋን ይጮኻል። ደግሞስ ቢከፈትልኝ የዱቤ ዝርዝሩን ወደ ወረቀት ወይም ወደ ኤክሴል እንዴት አወጣዋለሁ? ስሞቹ የተጻፉት በእንግሊዝኛ ፊደል ነው።» ከሐዋሳ

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። ፕሮግራሙ አልተበላሸም። ኤረር 200 ማለቱ ራሱ ፕሮግራሙ ተነሥቶ ሥራ መጀመሩን ያሳያል። ስንቱ ሰው ይህን መልእክት አይቶ «ዲስኩ ሞቷል» እያለ የስንት ዓመት መዝገብ ጥሏል፤ ሲጣል ደርሼ ሳላተርፈው ቀርቼ እስከ ዛሬ የሚቆጨኝም አለ።

መፍትሔውን ከመናገሬ በፊት ስለ ፍሎፒዎቹ ላሳስብሽ። ካሁን በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ይነበቡ፣ ከዚያ ወደ ሳጥናቸው ይግቡ። ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽ ተንሸራታች ክዳን ገፍተሽ ቀዳዳዋን ክፈቻት፤ ቀዳዳዋ ክፍት ከሆነ ማንም ምንም ሊጽፍበት አይችልም። ከዚያ ፋይል በፋይል ከመገልበጥ ይልቅ የእያንዳንዱን ፍሎፒ ሙሉ ኢሜጅ፣ ማለትም ይዘቱን እንዳለ በአንድ ፋይል የያዘ ግልባጭ፣ አንሺ። የ1.44 ሜጋባይት ፍሎፒ ኢሜጅ በትክክል 1,474,560 ባይት ነው፦ 80 ትራክ፣ 2 ገጽ፣ በትራክ 18 ሴክተር፣ በሴክተር 512 ባይት። ከዚህ ካነሰ ንባቡ መሐል ላይ ተቋርጧል ማለት ነው። ሊኑክስ ያለው ወዳጅ ካለሽ ዲዲሬስኩ በሚባለው ፕሮግራም ያንብብልሽ፤ የተጎዳውን ቦታ አልፎ መጀመሪያ ደህናውን ይሰበስባል፣ ከዚያ ወደ ተጎዳው ይመለሳል። ድራይቩ የመፋቅ ድምፅ ካሰማ ወዲያው አውጪው። ሻጋታ የያዘ ፍሎፒ የድራይቩን ራስ ያቆሽሻል፣ የቆሸሸው ራስ ደግሞ ቀጥሎ የሚገባውን ደህና ፍሎፒ ይፍቃል። ራሱ በአይሶፕሮፒል አልኮል በረጠበ ጥጥ ይጠረጋል። ኢሜጆቹን ሁለት ቦታ አስቀምጪና ከእንግዲህ በግልባጩ ላይ ብቻ ሥሪ።

አሁን ወደ ጉዳዩ። ያነሣሻቸው ሦስቱም ችግሮች ምንጫቸው አንድ ነው፦ ዶስም ሆነ በላዩ የተጻፉት ፕሮግራሞች ማሽኑ ውስጥ ከነሱ በቀር ማንም የለም ብለው ነው የሚሠሩት። ፕሮሰሰሩ የነሱ ነው፣ ሰዓቱ የነሱ ነው፣ የማተሚያው ገመድም የነሱ ነው። አንቺ አሁን ያንን ባለቤት ተከራይ አድርገሽ ነው ያስገባሽው።

ኤረር 200 ያለበት ፕሮግራም ቱርቦ ፓስካል በሚባለው የፕሮግራም መጻፊያ የተጻፈ ነው ብሎ መገመት ይቻላል። ቱርቦ ፓስካል ስክሪንና ኪቦርድ የሚያስተዳድርበት ሲአርቲ የሚባል ክፍል አለው። ይህ ክፍል ፕሮግራሙ ገና ሲነሣ የማሽኑን ፍጥነት ይለካል። የፒሲ ሰዓት በሰከንድ 18.2 ጊዜ ይመታል፤ በአንዱ ምትና በሚቀጥለው መካከል 55 ሚሊሰከንድ ያህል አለ። በዚያች ቅጽበት ባዶ ዙር ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቆጥርና ቁጥሩን ለ55 ያካፍላል፣ የአንድ ሚሊሰከንድ ድርሻ ለማግኘት። ውጤቱን የሚያስቀምጥበት ቦታ ግን ከ65,535 በላይ አይይዝም። 486 በሚባለው ፕሮሰሰር ዘመን ይህ ከበቂ በላይ ነበር። ፈጣን ማሽን ሲመጣ የማካፈሉ ውጤት ከቦታው ተረፈ፣ ፕሮሰሰሩ «ይህን ማካፈል አልችልም» አለ፣ ፓስካልም ያንን «በዜሮ ማካፈል» ብሎ ተረጎመው። በዜሮ ያካፈለ ግን ማንም የለም። ፔንቲየም 2 ገበያ ሲገባ እኔ ጋ በዚሁ ምክንያት የሚመጣው ሰው ብዙ ነበር፤ ትናንት የሠራ ፕሮግራም አዲሱ ማሽን ላይ ሲጫን በአንድ ጀምበር ሞተ እያለ። የሚገርመው፣ ከተሻለ ማሽን በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ ምንም ሳትነካኪ አንድ ሙከራ አድርጊ። ዶስቦክስ የሚባለውን፣ የድሮ የዶስ ማሽንን አስመስሎ የሚሠራ ነፃ ፕሮግራም ጫኚና የአባትሽን ፎልደር ግልባጭ ማውንት በሚለው ትዕዛዝ ሲ ድራይቭ አድርገሽ ስጪው። ዶስቦክስ ለእንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ሲነሣ ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ስለሚጀምር ኤረር 200 አያጋጥመውም። ኮንትሮል ይዘሽ ኤፍ11ን ብትጫኚ የበለጠ ይዘገያል፣ ኤፍ12 ያፈጥነዋል። እዚያ ከተከፈተ የፕሮግራሙም የዳታውም ጤና ተረጋገጠ። ዶስቦክስ በዋናነት ለጌም የተሠራ ስለሆነ ማተም ላይ አይረዳሽም፤ ዶስቦክስ-ኤክስ የሚባለው ዘመዱ ግን ወደ ማተሚያ የሚሄደውን በፋይል መያዝ ይችላል። ቨርቹዋልቦክሱን ለመተው ከቆረጥሽ በዚያ መንገድ መሄድ ትችያለሽ።

እኔ ግን ከጀመርሽው እንዳትወጪ እመክርሻለሁ፤ እውነተኛ ዶስ ላይ የሠራ ነገር ያስተማምናል። ቨርቹዋልቦክስ ላይ ፍጥነት መገደቢያ አለ፣ ኤክሲኪዩሽን ካፕ ይሉታል፤ እሱ ለኤረር 200 አይሠራም። ማሽኑን አያዘገየውም፤ እያቆመ እያስኬደ ነው የሚገድበው፣ ሲያስኬደው ደግሞ በሙሉ ፍጥነቱ ነው። መድኃኒቱ ፕሮግራሙን ራሱን ማስተካከል ነው። ለዚህ ቲፒፓች የሚባል ትንሽ ፕሮግራም አለ፤ በቱርቦ ፓስካል 7 የተሠራውን የኤግዚ ፋይል (ፕሮግራሙ ራሱ ያለበትን) ከፍቶ ያቺን የማካፈል ቦታ ይለውጣታል። መጀመሪያ የኤግዚውን ግልባጭ በሌላ ስም አስቀምጪ፣ የቨርቹዋል ማሽኑንም ስናፕሾት፣ ወደ ነበረበት መመለሻ የሚሆን ግልባጭ፣ አንሺ። ቲፒፓች «የምፈልገውን አላገኘሁም» ካለሽ ፋይሉ ተጨምቆ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ቦታ ለመቆጠብ ፒኬላይት በሚባል መጭመቂያ ማሳነስ የተለመደ ነበር። መጀመሪያ ይፈታ፣ ከዚያ ይጠገን።

ፋኑን በተመለከተ፦ ዶስ ቁልፍ እስኪነካ ሲጠብቅ አያርፍም። «ተነካ? ተነካ?» እያለ ያለማቋረጥ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ላፕቶፕሽ አንዱን ኮሩን መቶ በመቶ እያሠራ ይሞቃል። ከዶስ 6.22 ጋር የሚመጣውንና ዶስ ሥራ ሲፈታ ፕሮሰሰሩን የሚያሳርፈውን ፓወር.ኤግዚ፣ ዶስ ሲነሣ በሚያነበው በኮንፊግ.ሲስ ፋይል ውስጥ በዲቫይስ መስመር ጫኚው። ካልረዳሽ ለዚሁ ሥራ ዶስአይድል የሚባል ፕሮግራም አለ። ሁለቱን አብረሽ አትጫኚ። ከአባትሽ ማሽን ጋር የመጣ ሕጋዊ 6.22 ከሌለሽ ደግሞ ፍሪዶስን ተጠቀሚ። ጂም ሆል እ.ኤ.አ. በ1994 የጀመረው ነፃ ዶስ ነው፣ ኤፍዲኤፒኤም የሚባል የራሱ ማሳረፊያ አለው፤ እንዲህ ላለ ፕሮግራም ከማይክሮሶፍቱ የሚያንስበት ነገር አላየሁም።

የማሽኑ ሴቲንግ ብዙ አያስቸግርም። ሜሞሪ 32 ሜጋባይት ይበቃል፣ ፕሮሰሰር አንድ፣ ዲስክ 500 ሜጋባይት በአይዲኢ መቆጣጠሪያ ላይ። ዲስኩን አታተልቂው፤ 6.22 በአንድ ክፍልፋይ ከ2 ጊጋባይት በላይ አያውቅም፣ ክፍልፋዩ በተለቀ ቁጥር ደግሞ ትንሿም ፋይል የምትይዘው ቦታ ይጨምራል፤ በ500 ሜጋባይት 8 ኪሎባይት የሆነው በ2 ጊጋባይት 32 ይሆናል። ኮንፊግ.ሲስ ውስጥ የሜሞሪ አስተዳዳሪው ሃይሜም.ሲስ፣ ዶስ እኩል ይሆናል ሃይ፣ ፋይልስ እኩል ይሆናል 40 ይኑሩ። ፋይልስ ካልተጻፈ ዶስ 8 ብቻ ነው የሚከፍተው፤ የሒሳብ ፕሮግራም ደግሞ የደንበኛውን፣ የዕቃውን፣ የሽያጩን ፋይል አንድ ላይ ነው የሚከፍተው። ሌላውን የሜሞሪ አስተዳዳሪ ኢኤምኤም386ን ፕሮግራሙ ካልጠየቀ ተዪው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ዝርዝሩን ወደ ማውጣቱ። የቱርቦ ፓስካል ዳታ ፋይል ኤክሴል አያነበውም። ብዙውን ጊዜ መዝገቦቹ እኩል ርዝመት ያላቸው ሆነው ተደርድረው ነው የሚቀመጡት፤ 30 ፊደል የሚይዝ ስም 31 ባይት ይወስዳል፣ የመጀመሪያው ባይት ርዝመቱን ስለሚናገር፤ የብር መጠን ደግሞ ዛሬ ማንም በማይጠቀምበት ባለ 6 ባይት ቁጥር ሊሆን ይችላል። ይህን በእጅ መፍታት ይቻላል፣ ግን ያደክማል። አባትሽ ግን ሪፖርት ያትም ነበር አይደል? ያንን ማተሚያ እንዋሰው።

ቨርቹዋል ማሽኑ ጠፍቶ እያለ ሴቲንግ ውስጥ ሲሪያል ፖርትስ የሚለውን ክፈቺ። ፖርት 1ን አንቂ፣ ቁጥሩ ኮም 1 ይሁን፣ ሞዱን ሮው ፋይል አድርጊ፣ ከሥሩ ደግሞ ላፕቶፕሽ ላይ ጽሑፉ እንዲጻፍበት የምትፈልጊውን ፋይል ስም ስጪ። ዶስ ሲነሣ ሁለት መስመር ትጽፊያለሽ። የመጀመሪያው፦ ሞድ፣ ክፍተት፣ ከዚያ ኮም1:9600,ኤን,8,1,ፒ ያለ ክፍተት። ሁለተኛው፦ ሞድ፣ ክፍተት፣ ከዚያ ኤልፒቲ1:=ኮም1: ነው። ኤልፒቲ1 የማተሚያው፣ ኮም1 የሲሪያሉ መውጫ ስም ነው። እነዚህን እንደሚነበቡ ነው የጻፍኩልሽ፤ ስትተይቢ በእንግሊዝኛ ፊደል ነው፣ የጠራኋቸውን ፋይሎች አጻጻፍ ደግሞ ዲር በሚለው የፋይል ዝርዝር ማሳያ ትዕዛዝ የዶስን ፎልደር ብታዪ ታገኚዋለሽ። ከዚህ በኋላ ፕሮግራሙ ወደ ማተሚያ የላከው ሁሉ በሲሪያሉ በኩል አልፎ ላፕቶፕሽ ላይ ፋይል ሆኖ ያርፋል። የማተሚያውን ሃርድዌር በቀጥታ የሚነካ ፕሮግራም ቢሆን ይህ አይሠራም ነበር፤ ቱርቦ ፓስካል ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያትመው በዶስ በኩል ነው፣ ዕድለኛ ነሽ። አንዱን ሪፖርት እንደጨረስሽ ማሽኑን ዳግም ከማስነሣትሽ በፊት ፋይሉን ሌላ ቦታ ገልብጪ፣ እንዳይጻፍበት።

ፋይሉን ስትከፍቺ በመስመሮቹ መካከል እንግዳ ምልክቶች ታያለሽ። ገጽ አዙር፣ ፊደል አጥብብ እያሉ የድሮውን ማተሚያ የሚያዙ ኮዶች ናቸው፣ አጥፊያቸው። የሠንጠረዡ መስመሮችም ተበላሽተው ከታዩ ሊብሬኦፊስ ካልክ በሚባለው ነፃ የሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ ስትከፍቺ የድሮውን ፒሲ የፊደል ኮድ፣ ኮድ ፔጅ 437ን፣ ምረጪና ዓምዶቹን በቋሚ ስፋት ለይ በይው። ከዚያ ወዲያ ተራ የኤክሴል ሠንጠረዥ ነው።

ሌላ ሰው ይህን አንብቦ «የኔ ፋይል በግዕዝ ፊደል ነው» ቢል፣ መንገዱ ይለያል። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የጋራ የሆነው የኮምፒውተር ኮድ) ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው በ3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የዶስ ጽሑፍ ማቀናበሪያዎች የየራሳቸውን ኮድ ይጠቀሙ ስለነበር ፊደል በፊደል የሚያዛምድ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ያንን ለብቻው ብንነጋገርበት ይሻላል።

ልጄ፣ ሁለት ጥንቃቄዎች ቀርተዋል። ፕሮግራሙ ሲከፈት ቀን ከጠየቀሽ የዛሬውን አትስጪው፤ የዓመቱን የመጨረሻ ሁለት አኃዝ ብቻ የሚይዝ ከሆነ 2018ን «18» ብሎ ከ«87» በፊት ያስቀምጠዋል፣ የዕዳው ቆይታ ሁሉ ይመሰቃቀላል። አባትሽ የመጨረሻውን ሽያጭ ከመዘገቡበት ቀን ማግስት ያለውን ስጪው። ሁለተኛ፣ ሜኑው ላይ «ዓመት ዝጋ» ወይም ይህን የመሰለ ነገር ካየሽ በምንም ምክንያት አትንኪው። የዚያ ዘመን ፕሮግራሞች ዓመት ሲዘጉ የተከፈለውን ዱቤ አጥፍተው ቀሪውን ብቻ የሚያሻግሩ ነበሩ። ሪፖርት ከሚለው ውጪ ወደ ሌላ ክፍል አትግቢ።

ስትጨርሺ ከፕሮግራሙ ወጥተሽ የሲ ድራይቭ ምልክት ሲመለስ ማሽኑን ማጥፋት ትችያለሽ፤ ዶስ የመዝጊያ ትዕዛዝ የለውም። የዱቤ ሪፖርቱ ሁሉንም ደንበኛ ካላወጣልሽ የዳታ ፎልደሩን የዲር ዝርዝር፣ የእያንዳንዱ ፋይል ስምና መጠን በባይት ሳይቀር፣ ላኪልኝ። ከስክሪኑ ላይ የአንድ ደንበኛን ገጽ ፎቶ አንስተሽ ጨምሪበት። የፋይሉ መጠን ለስንት እኩል እንደሚካፈል አይቼ የመዝገቡን ርዝመት ላገኘው እችላለሁ፣ የቀረውን በእጅ አብረን እንፈታዋለን።