ጠበል የገባ ሰው መድኃኒቱን ማቆም አለበት?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? እናቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት። ጠበል ገብታ ሳለ አንድ ሰው «መድኃኒት የሚወስድ አላመነም፤ ጠበሉም አይሠራለትም» ቢላት ኢንሱሊኗን ከትናንት ጀምሮ አቆመች። ወንድሜ ደግሞ «ጠበል ኋላ ቀርነት ነው፣ በሳይንስ ያልተረጋገጠ ነገር አላምንም» ይላል። እውነት እምነትና ማሰብ የግድ ይጣላሉ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ዛሬውኑ እናትሽን ሐኪም ዘንድ አድርሻቸው። ኢንሱሊን ሲቋረጥ በቀናት ውስጥ ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ይህን ሳልነግርሽ ወደ ትምህርቱ ብገባ ልቤ አያርፍም።

የሰው ነፍስ ልባዊት (የምታስብ)፣ ነባቢት (የምትናገር)፣ ሕያዊት (ሕይወት ያላት) ናት ብለን ተምረናል። ማሰብን የሰጠን እግዚአብሔር ነው። ታዲያ የሰጠንን እንድንጥልለት ለምን ይፈልጋል?

ንጉሡ ሕዝቅያስን ተመልከቺ። ለሞት ታሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። እግዚአብሔር ጸሎቱን ሰምቶ 15 ዓመት ጨመረለት። ኢሳይያስ ግን የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው እባጩ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (ኢሳ. 38፥21)። የመዳን ተስፋው ከተነገረ ወዲያ በለሱ ለምን አስፈለገ? ነቢዩን እምነት ጎደለህ ያለው የለም። ሲራክም በምዕራፍ 38 መድኃኒትን ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም ይለናል።

ይኸው ፈተና እንጦጦ ላይ የኤች አይ ቪ ሕሙማንን አግኝቷቸው ነበር። መድኃኒታቸውን የተዉ ነበሩ። በጊዜው ፓትርያርክ የነበሩት አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይቃረኑም ብለው በአደባባይ ተናገሩ። እናትሽን መድኃኒት ያስጣላቸው ሰው የተናገረው የራሱን ነው።

ወንድምሽ የስኳሩን መጠን በላብራቶሪ ልወቅ ቢል ልክ ነው። በቅዳሴ የምንቀበለውን ምሥጢር ግን በምን መሣሪያ ሊለካው ነው? ምሥጢር ከአእምሮ በላይ ነው እንጂ የአእምሮ ጠላት አይደለም። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ግን ቲክቶክ ላይ «ራእይ አየሁ» ያለውን ሁሉ ሳይመረምር የሚከተለው ነው። ዮሐንስ እኮ መንፈስን ሁሉ አትመኑ፣ መርምሩ ብሎናል (1ኛ ዮሐ. 4፥1)።

ጠበሉን አታስተዪአቸው። ግን ኢንሱሊን ተወግቶ በባዶ ሆድ ወረፋ ላይ መቆም አደገኛ ነው፤ ሰዓቱንና መጠኑን ሐኪሙ ያስተካክልላቸው። የጾሙን ነገር ለንስሐ አባታቸው ይንገሩ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ወንድምሽንም ይዘሽው ሂጂ። ኢንሱሊኑ ሙቀት እንዳያገኘው የሚይዝላቸው፣ ወረፋም የሚጠብቅላቸው ሰው ያስፈልጋቸዋል።